መጋጠሚያው የሚታይ ሥዕል፤ ስለ ወይዘሮ ዋንጌቺ ሙቱ ሥራ የቀረበ አስተያየት

የዚህ ጽሑፍ አሳብ የኬንያ ተወላጅ የሆኑትን የሠዓሊዋን የወይዘሮ ዋንጌቺ ሙቱን ሥራ ለአንባቢ ማስተዋወቅ ብቻ አይደለም። ስለ እርሳቸው በውጭ አገር ቋንቋ ብዙ ተጽፏል፤ የሚበዛውም ምስጋና ነው። ምስጋናው የሚገባቸው ቢሆንም፥ አንድ ከባድ ጥያቄ ሳይመለስ እንዲታለፍ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ጥያቄውም ይህ ነው። ወይዘሮ ሙቱ የጥቁር ሴት ምስል ከመጽሔትና ከመጽሐፍ እየቈረጡ፥ ዓይኑን ከአንዱ፥ ከንፈሩን ከሌላው፥ እግሩን ከሦስተኛው አምጥተው በሙጫ የሚያጣብቁ ሠዓሊ ናቸው። ከሁለት መቶ ዓመት ወዲህ ደግሞ የአፍሪካ ሴት አካል በሳይንስ ስም በቢላዋ፥ በንግድ ስም በካሜራ ብዙ ጊዜ ተቈራርጧል። እንግዲህ እኒህ ሠዓሊ ያንኑ ሥራ በመቀስ ይደግሙታልን፥ ወይስ ይሽሩታል?

በእኔ አስተያየት መልሱ የሚገኘው ሁለት ቍራጭ ወረቀቶች በሚገናኙበት መስመር፥ ማለት በመጋጠሚያው ላይ ነው። መጋጠሚያው በሚታይበት ሥራ ላይ ቍራጩ ከየት እንደ መጣ ራሱ ይመሰክራል፤ መጋጠሚያው በሚጠፋበት ሥራ ላይ ግን ምስሉ ቢያምርም ነገሩ ይላላል። ይህንን ከዚህ በታች በአምስት ሥራዎች አማካይነት ለማስረዳት እሞክራለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ትምህርታቸውና የሥራቸው ዘዴ

ወይዘሮ ሙቱ በ1972 በናይሮቢ ከተማ ተወለዱ። በዚያው ከተማ በካቶሊክ መነኮሳት ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዌልስ አገር በአትላንቲክ ኮሌጅ በ1991 ፈጸሙ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኒው ዮርክ ከኩፐር ዩኒየን በ1996 የመጀመሪያ ዲግሪ፥ ከዬል ዩኒቨርሲቲ በ2000 የማስተር ዲግሪ ተቀበሉ። በዬል የተማሩት ሥዕል ሳይሆን የቅርጻ ቅርጽ ሥራ ነበረ። ስለዚህ ኋላ ወደ ነሐስ መሄዳቸው ወደ እንግዳ አገር መሄድ ሳይሆን ወደ ተማሩት ሙያ መመለስ ነው። ዛሬ የሚሠሩት በኒው ዮርክና በናይሮቢ እየተመላለሱ ነው።

ስማቸው የታወቀው በፈረንጆች ዘንድ ኮላዥ በሚባለው ዘዴ ነው። ኮላዥ ማለት የታተመ ምስል ቈርጦ በሌላ ወረቀት ላይ በመለጠፍ አዲስ ምስል መሥራት ነው። ወይዘሮ ሙቱ በዚህ ላይ የሚፈስስ ቀለም፥ ብልጭልጭ ዱቄትና የእንስሳ ጠጉር ይጨምሩበታል፤ በኋላ ደግሞ አፈርና ቅርንጫፍ ጨምረዋል። ሥራቸው ልዩ ልዩ ቁስ የተቀላቀለበት ነው መባሉም ስለዚህ ነው። ወረቀቱን የሚወስዱት ከፋሽን መጽሔት፥ ስለ ሩቅ አገር ሕዝቦች ከሚያትቱ መጽሔቶች፥ ከሞተር ብስክሌት መጽሔትና ሴት ወሲብ ቀስቃሽ ሆና ከምትታይባቸው መጽሔቶች ነው። ምንጮቹ ልዩ ልዩ ይምሰሉ እንጂ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ሁሉም ሴትን ወይም አፍሪካን ለሚከፍል ዓይን የሚያቀርቡ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። እነዚህን ሥራዎች ብዙዎቻችን የምናያቸው በመጽሐፍ ታትመው ነው። ኅትመት ደግሞ ሙጫውንም፥ ጠጉሩንም፥ ዱቄቱንም አንድ ልሙጥ ገጽ ያደርጋቸዋል። ሠዓሊዋ ሳይደብቁ የተዉትን መጋጠሚያ የማተሚያው መኪና ይደብቀዋል ማለት ነው። ስለዚህ አንባቢ ፎቶግራፉን ሲመለከት የወረቀቱን ጠርዝ ዓይኑን ጥሎ መፈለግ አለበት።

የሐኪሙ ገጽ

መጀመሪያ የምናየው ከ2004 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት የተሠራውን የ12 ኮላዦች ስብስብ ነው። አርእስቱ በአማርኛ «የማኅፀን ዕጢ ልዩ ልዩ ክፍሎች የሕብረ ሕዋስ ጥናት» እንደ ማለት ነው። የእያንዳንዱ ሥራ መደብ የ19ኛው መቶ ዓመት የሕክምና መጽሐፍ ገጽ ነው። በገጹ ላይ የታመመ የማኅፀን ሥዕል አለ፤ የበሽታውም ስም ተጽፎበታል። ወይዘሮ ሙቱ በዚህ ላይ ከመጽሔት የተቈረጠ ዓይን፥ ከንፈር፥ አፍንጫና ጠጉር ይለጥፉበታል። ከዚያ በኋላ ገጹ ፊት ይሆናል፤ የታመመው ሥጋ ጉንጭ ወይም ግንባር ይሆናል፤ ፊቱም አንባቢውን ያያል።

ይህንን ሥራ ለመረዳት ከጀርባው ያሉትን ሁለት ታሪኮች ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው የሣራ ባርትማን ታሪክ ነው። ይህች የደቡብ አፍሪካ ሴት በ1810 ወደ ለንደን ተወስዳ የሰውነትዋ ቅርጽ በገንዘብ ለሕዝብ ይታይ ነበር። በኋላም ወደ ፓሪስ ተወሰደችና በ1815 መጨረሻ እዚያ ሞተች። ኩቪዬ የተባለው የታወቀ የተፈጥሮ ሊቅ ሬሳዋን ከፍቶ መረመረ፤ አንጎልዋና የሴትነት አካልዋ በጠርሙስ ተቀመጡ። ዐፅምዋና በአካልዋ ልክ የወጣው ቅርጽ እስከ 1970ዎቹ ዓመታት ድረስ በፓሪስ ሙዚየም ለተመልካች ይታዩ ነበር። ወደ አገርዋ ተመልሳ በሃንኪ የተቀበረችው በ2002 ነው።

ሁለተኛው የሐኪሙ የጄ. ማሪዮን ሲምስ ታሪክ ነው። ሲምስ ከ1845 እስከ 1849 በአሜሪካ በአላባማ በባርነት በተያዙ ሴቶች ላይ ያለ ማደንዘዣ ቀዶ ጥገና ይሞክር ነበር። ሊያድነው የፈለገው ሕመም በወሊድ ጊዜ የሚደርሰው ፌስቱላ ነው። ከሴቶቹ የሦስቱ ስም ታውቋል፤ አናርካ፥ ሉሲና ቤትሲ ይባላሉ። አናርካ ብቻዋን 30 ጊዜ ተቀድዳለች። ሲምስ ዘዴውን አገኘ፤ የሴቶች ሕክምና አባትም ተባለ። እኛ ይህን ሕመም የምናውቀው ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን በ1974 አዲስ አበባ ላይ ባቋቋሙት ሆስፒታል ምክንያት ነው። እዚያ ስንት እናት ድና ወደ ቤትዋ እንደ ተመለሰች ለሚያውቅ ሰው የአናርካ ነገር ቀላል አይደለም። ዛሬ ለሚድኑት ሴቶች የተከፈለ ዋጋ አለ፤ የከፈሉትም ሳይጠየቁ ነው።

ወደ ሥዕሉ እንመለስ። ወይዘሮ ሙቱ ፊቱን በንጹሕ ወረቀት ላይ ሠርተውት ቢሆን ኖሮ የምናየው አንድ አስገራሚ ፊት ብቻ ይሆን ነበር። እርሳቸው ግን የሐኪሙን ገጽ አልሸፈኑትም። የታተመው የበሽታ ስም በቦታው አለ፤ የተለጠፈው ከንፈር ጠርዝም ይታያል። ስለዚህ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት እጅ እናያለን፤ የመደበው እጅና የመለሰው እጅ። የመጀመሪያው ሴቲቱን አካል ብቻ አድርጎ ፊትዋን አስቀርቷል፤ ሁለተኛው ፊትዋን በዚያው አካል ላይ አስቀምጧል። ክሱም ማስረጃውም ከአንድ ወረቀት ላይ ስለ ተገኙ ሌላ ምስክር መጥራት አያስፈልግም።

ምናልባት አንድ ሰው፦ በመጽሔቱ ላይ ያለችውስ ሴት ምስልዋ ሲቈረጥ መቼ ተጠየቀች? ይል ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ በቀላሉም የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን በሲምስና በሠዓሊዋ መካከል ያለው ልዩነት የመቍረጥና ያለ መቍረጥ ልዩነት አይደለም። ሲምስ በቈረጠው ላይ የራሱን ስም ጻፈበት፤ ሠዓሊዋ የቈረጡት ግን ከማን እጅ እንደ መጣ እንዲታወቅ ጠርዙን ትተውታል። ይህ ልዩነት በቂ ነው ብዬ አምናለሁ።

«እናትህ»

ሁለተኛው ሥራ በ2003 የተሠራው፥ ዛሬ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው «ዮ ማማ» ነው። አርእስቱ አሜሪካኖች ልጆች ሲሰዳደቡ የሚሉት ነው፤ በእኛም ሰፈር ልጆች ሲጣሉ መጀመሪያ የሚነሣው የእናት ስም ስለ ሆነ፥ «እናትህ» ብንለው አሳቡ አይጠፋንም። ሥራው የተዘጋጀው የናይጄሪያውን ሙዚቀኛ ፌላ ኩቲን ለማስታወስ በኒው ዮርክ ለተደረገ ኤግዚቢሽን ነበር። ሌሎች ስለ ልጁ ሲያስቡ ወይዘሮ ሙቱ እናቱን አሰቡ።

እናቱ ፉንሚላዮ ራንሶም ኩቲ በ1900 የተወለዱ መምህርት ነበሩ። በአቤኦኩታ ከተማ የገበያ ሴቶችን አንድ ላይ አሰባስበው በሴቶች ላይ የተጣለውን ግብር ተቃወሙ፤ በዚህም ትግል ምክንያት የከተማዪቱ ገዥ በ1949 ከዙፋኑ ለመልቀቅ ተገደደ። በ1977 ወታደሮች የልጃቸውን ቤት በወረሩ ጊዜ እኒህን አሮጊት ከመስኮት ወረወሯቸው፤ በሚከተለው ዓመት በ1978 ሞቱ።

ሥዕሉ ሁለት ገበታ ነው። አንዲት ሴት ጭንቅላቱ የተቈረጠ ዘንዶ ይዛ ተቀምጣለች፤ የዘንዶው ሬሳ ከአንዱ ገበታ ወደ ሌላው እንደ እትብት ይዘረጋል፤ የተቈረጠውን ጭንቅላት በጫማዋ ተረከዝ ወግታዋለች። በካቶሊክ ትምህርት ቤት ላደገ ሰው እባብን በእግርዋ የረገጠችው የማርያም ምስል እንግዳ አይደለም። እኛ ደግሞ ሌላ ምስል ትዝ ይለናል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕላችን ዘንዶውን የሚወጋው ፈረሰኛው ነው፤ ብሩታዊት በዛፍ ላይ ሆና ታያለች። በሸራ ላይ ተከታትሎ በሚሣለው በንግሥተ ሳባ ታሪክም ዘንዶውን የሚገድለው አባትዋ ነው፤ እርስዋ ዙፋኑን ትወርሳለች። በእነዚህ ሥዕሎች ሴት ወይ የዳነች ወይ የወረሰች ናት። በወይዘሮ ሙቱ ሥዕል ግን የገደለችውም፥ ሬሳውን ተሸክማ የቀረችውም ራስዋ ሴቲቱ ናት።

በዚህ ሥራ ላይ መጋጠሚያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የወረቀቱ ጠርዝ ነው። ሁለተኛው የታሪክ መጋጠሚያ ነው፤ ይኸውም በኤደን ሔዋን፥ በአቤኦኩታ የገበያ ሴቶችና በፋሽን መጽሔት ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማ በአንዲት ሴት ላይ ተገናኝተዋል። እንዳይዋሐዱ የሚጠብቃቸው ደግሞ ሥራው የታሰበላት ሴት የታወቀች መሆንዋ ነው። የፉንሚላዮን ሕይወት ያወቀ ሰው ይህችን ሴት «የአፍሪካ እናት» ብሎ በደፈናው ሊያልፋት አይችልም። የወይዘሮ ሙቱ ሥራ ከአንዲት የታወቀች ሴት ወይም ከአንድ የታወቀ ገጽ ጋር ሲተሳሰር የሚበረታውም ስለዚህ ነው።

የሸክም መጨረሻ

ወይዘሮ ሙቱ በ2015 በቬኒስ ኤግዚቢሽን ያሳዩት «ሁሉን የመሸከም መጨረሻ» የተባለው ሥራ በሦስት መጋረጃ ላይ የሚታይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። አንዲት ሴት በራስዋ ላይ ቅርጫት ተሸክማ በተራራ ጫፍ ላይ ትሄዳለች፤ ሴቲቱን ሆነው የታዩት ሠዓሊዋ ራሳቸው ናቸው። እየሄደች ሳለ ሸክሙ ይጨምራል፤ የብስክሌት ጎማ፥ ፎቅ ቤት፥ የነዳጅ ማውጫ ማማ ይደረብበታል። በመጨረሻ ሴቲቱና ሸክሙ የማይለዩ አንድ ክምር ሆነው ከገደሉ ይወድቃሉ።

ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች እያየ ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ የዚህ ሥራ መጀመሪያው ትርጓሜ አያስፈልገውም። ችግሩ ያለው በመጨረሻው ላይ ነው። ሸክሙ ሁሉ፥ ጎማውም ፎቁም ማማውም፥ አንድ ዓይነት ሆኖ ይዋሐዳል። ማን በማን ላይ እንደ ጫነው አይታወቅም። ሥራው ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ልብ የነካው ነገር ማንንም አይጠይቅም። የሐኪሙ ገጽ ሐኪሙን ይጠይቃል፤ ይህ ክምር ግን ዕጣ ፈንታን ብቻ ነው የሚወቅሰው። መጋጠሚያው ሲጠፋ ነገሩ ይላላል ያልኩት እንዲህ ያለውን ነው።

እንደዚሁም በ2017 ከነሐስ የተሠራችው «የውሃ ሴት» በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ንጉቫ ከሚባለው የባሕር ፍጥረት ተረት የተገኘች ናት። ጥቁር፥ ለስላሳና የምታምር ቅርጽ ናት። ውበትዋን አልክድም፤ ዳሩ ግን ተረቱን ለማያውቅ ተመልካች ከየትኛውም ባሕር የወጣች ሴት መሆን ትችላለች።

አራቱ ተቀማጮች

ከዚህ በኋላ አንባቢ፥ እንግዲያውስ ነሐስ መጋጠሚያ ስለሌለው ወይዘሮ ሙቱ ከወረቀት ባይወጡ ይሻል ነበር ልትል ነው፥ ብሎ ሊጠብቀኝ ይችላል። እንዲህ እንዳልል የሚከለክለኝ የ2019 ሥራቸው ነው።

በኒው ዮርክ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም በአምስተኛው ጎዳና በኩል ያለው ፊቱ በሪቻርድ ሞሪስ ሃንት ፕላን ተሠርቶ በ1902 ተፈጸመ። በግንቡ ላይ ለሐውልት የተዘጋጁ አራት ጉድጓድ መስኮቶች ነበሩ፤ ሐውልቱ ግን ሳይሠራ ቀረ፤ ቦታውም 117 ዓመት ባዶ ሆኖ ኖረ። ሙዚየሙ ይህን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲሞሉ የጠየቀው ወይዘሮ ሙቱን ነው። እርሳቸውም አራት የነሐስ ሴቶች ሠሩ፤ እያንዳንዳቸው ቁመታቸው 2 ሜትር ያህል ነው። የሥራው ስም «አዲሶቹ ነፃ ያወጡናል» ሲሆን አራቱ ሴቶች ደግሞ «ተቀማጭ» እየተባሉ ከአንድ እስከ አራት በቍጥር ይጠራሉ።

የስማቸው ምክንያት ግልጽ ነው። በአውሮፓ የሕንፃ ጥበብ የሴት ሐውልት በግንብ ፊት ሲቆም ብዙ ጊዜ ሥራው መሸከም ነው። በአቴና በኤሬክቴዮን መቅደስ ስድስት ሴቶች ጣራውን በራሳቸው ተሸክመው ይታያሉ። በአፍሪካም በኮንጎ የሉባ ሕዝብ የአለቃው ወንበር በሴት ቅርጽ ራስና ጣቶች ላይ የሚያርፍ ነው። የወይዘሮ ሙቱ ሴቶች ግን ምንም አልተሸከሙም። አንዳንዶቹ ተቀምጠው፥ አንዳንዶቹ ተንበርክከው፥ ጀርባቸውን አቅንተው ወደ ፊት ያያሉ። የለበሱት ልብስ እንደ ገመድ የተጠቀለለ ነው፤ ልብስ ይሁን ቆዳ ወይም ጥሩር አይለይም። ከአራት ዓመት በፊት ከገደል የወደቀችው ተሸካሚ እዚህ ሸክሟን አውርዳ የተቀመጠች ይመስላል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የሉባ ሴትና የአቴና ሴት እኩል ተሸካሚዎች አይደሉም። በሉባ ዘንድ የንጉሥ መንፈስ የሚጠበቀው በሴት አካል ውስጥ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ ስለዚህ ወንበሩን የያዘችው ሴት አገልጋይ ብቻ ሳትሆን የመንግሥቱ ጠባቂም ናት። ወይዘሮ ሙቱ ሁለቱንም በአንድነት ከሸክም ሲያወጧቸው ከሉባይቱ ላይ ክብርም አብሮ ይወርዳል። ይህ የሥራው ጉድለት ነው ለማለት ባልደፍርም፥ በምስጋናው ብዛት ሳይታሰብ የቀረ ነገር ነው።

ታዲያ መጋጠሚያው የት አለ? በእኔ አስተያየት መጋጠሚያው በነሐሱና በድንጋዩ መካከል ነው። ሕንፃው ራሱ እንደ ሐኪሙ መጽሐፍ ገጽ ሆኗል። ይህ ግንብ የዓለምን ጥበብ መድቦ፥ ስም ሰጥቶ፥ በሣጥን የሚያስቀምጥ ቤት ፊት ነው። ሠዓሊዋ በዚህ ገጽ ላይ አራት ፊት ለጠፉበት። ቁሱ አይመሳሰልም፤ ዘመኑ አይመሳሰልም፤ ቅርጹም ከግሪክ ዓምዶች ጋር አይስማማም። አለመስማማቱ ደግሞ ያልተደበቀ ጠርዝ ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ ከነሐስ የተሠራ ቢሆንም ከኮላዦቻቸው ሁሉ ትልቁ ኮላዥ ነው።

ሌላም ገጽ በአቅራቢያው ነበረ። ከላይ የተናገርኩት የዶክተር ሲምስ ሐውልት በዚያው በአምስተኛው ጎዳና ላይ፥ ከሙዚየሙ ሃያ ያህል መንገድ ወደ ሰሜን፥ ቆሞ ነበር። የከተማዪቱ አስተዳደር ያነሣው በ2018 በሚያዝያ ወር ነው። በሚከተለው ዓመት በመስከረም የወይዘሮ ሙቱ ሴቶች በጎዳናው ላይ ተቀመጡ። አንዱ ሌላውን ተከትሎ እንዲሆን ያቀደ ሰው አለ ማለቴ አይደለም። ቢሆንም ይህን የሚያውቅ መንገደኛ በአንድ ጎዳና ላይ አንድ ስፍራ ሲለቀቅና ሌላ ስፍራ ሲያዝ ያያል።

ሥራው በግንቡ ላይ የቆየው ለጊዜው ነበር፤ ከ2021 ጀምሮ የሌሎች ሠዓልያን ሥራ በተራ ቆሞበታል። ከዚህም የሚከተል ነገር አለ። እነዚህ ነሐሶች ከግንቡ ወርደው በነጭ ክፍል ውስጥ ለየብቻ ሲቀመጡ ግማሹ ሥራ በጎዳናው ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ያማሩ ሐውልቶች ናቸው፤ ገጹ ግን ከሥራቸው ተቀድዷል።

ስለ ከንፈር ሳሕን

በአራቱ ሴቶች ላይ አንድ ልዩ ነገር አለ። በአንዲቱ አፍ ላይ፥ በሌላይቱ ዓይን ላይ፥ በሌሎቹም ራስ ላይ እንደ መስታወት የተወለወለ ክብ ሳሕን ተተክሏል። ይህ በአንዳንድ የአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ሴቶች በከንፈራቸው ከሚያደርጉት ሳሕን የመጣ ነው። ፀሐይ ሲመታው ብርሃኑን ወደ ጎዳናው ይመልሳል፤ ለማየት የቀረበ ሰውም ራሱን ያይበታል።

ለእኛ ይህ ሳሕን የሩቅ ነገር አይደለም። በኦሞ ወንዝ አካባቢ የሙርሲና የሱሪ ሴቶች ከሸክላ ወይም ከእንጨት የተሠራ ሳሕን በታችኛው ከንፈራቸው ያደርጋሉ። ሴት ልጅ ለአካለ መጠን ስትደርስ የሚጀመር፥ የሴትነት ክብር ምልክት ነው። እኛ ግን የምናውቀው በአብዛኛው ከፖስት ካርድና ከጉብኝት ማስታወቂያ ነው። መንገደኛ ገንዘብ ከፍሎ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ከሥዕሉ በታችም «የሙርሲ ሴት» ተብሎ ይጻፋል። ስምዋ ማን ነው? በስንት ዓመተ ምሕረት ተነሣች? ማን አነሣት? ለምን ጉዳይ? ይህ አይጻፍም። ወይዘሮ ሙቱ በመቀስ የሚቈርጧቸው መጽሔቶች እንዲህ ባሉ ሥዕሎች የተሞሉ ናቸው። ስለዚህ በሌላ አገር ሐኪምና በሌላ አገር ካሜራ ላይ የተነሣው ክስ ወደ እኛም ይደርሳል። ሳሕኑ መስታወት የሆነው ለኒው ዮርክ ሰው ብቻ አይደለም።

መደምደሚያ

በመጀመሪያ የጠየቅነው ጥያቄ ወይዘሮ ሙቱ የአፍሪካን ሴት አካል የቈራረጡትን ሰዎች ሥራ ይደግማሉ ወይስ ይሽራሉ የሚል ነበር። በሐኪሙ ገጽ፥ በ«ዮ ማማ»ና በሙዚየሙ ግንብ ላይ ይሽሩታል፤ ምክንያቱም ቍራጩን ከመጣበት ቦታ ጋር አያይዘው ስለሚያሳዩን ነው። በ«ሁሉን የመሸከም መጨረሻ» መደምደሚያና በ«የውሃ ሴት» ላይ ግን ታሪኩ ወደ ተረት፥ ሴቲቱም ወደ ምሳሌ ትለወጣለች። ምሳሌ ማንንም አይከስስም። ይህን ስል ሠዓሊዋን ለማሳነስ አይደለም፤ ከራሳቸው ታላቅ ሥራ ጋር ማመዛዘኔ ነው።

ከዚህ ለእኛ የሚተርፍ ትምህርት አለ። በምርምር ሥራችን የሴቶችን ምስል ብዙ ጊዜ እንጠቀማለን፤ የቡና ለቃሚ፥ የሸክላ ሠሪ፥ የገበያ ሴት ፎቶግራፍ ከአንድ ቦታ ቈርጠን በጽሑፋችን ላይ እንለጥፋለን። እኛም ኮላዥ ሠሪዎች ነን ማለት ነው። መቍረጥን መተው አንችል ይሆናል፤ ጠርዙን አለመደበቅ ግን እንችላለን። በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር የሴቲቱን ስም ፈቅዳ እንደ ሆነ መጻፍ፥ ዓመተ ምሕረቱን፥ ያነሣውን ሰውና የተነሣበትን ምክንያት መግለጽ ከአንድ መስመር የበለጠ ቦታ አይወስድም። የአናርካ ስም የተረፈው ሲምስ ራሱ ስለ ጻፈው ነው፤ ከሴቶቹ የብዙዎቹ ስም ግን ሳይጻፍ ቀርቷል።

ይህ አስተያየት የአንድ ተማሪ አስተያየት ነው። በተለይ ስለ አራቱ ነሐሶች የተናገርኩትን ሥራዎቹን በዓይኑ ያየ መምህር ወይም ጓደኛ ቢያርመኝ ክርክሩ ለሁላችንም የሚጠቅም ይሆናል።